ሆምጣጤ በቤትና በታሪክ

በአንድ ቤት ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ዋጋው ትንሽ፥ ታሪኩ ግን ረጅም የሆነ ቢፈለግ ሆምጣጤ ከፊተኞቹ ይቈጠራል። ወይን በመጠጥነቱ ይከበራል፤ ዘይትም በመብራትነቱና በቅብዐትነቱ ይመሰገናል፤ ሆምጣጤ ግን የተበላሸ ወይን ተብሎ በማድ ቤት ጥግ ይቀመጣል። ይሁን እንጂ ይህ የተናቀ ነገር ወታደርን ከጥም አሳርፎአል፤ ለሰዓሊም ቀለም አስገኝቶአል፤ በመቅሠፍትም ዘመን የሰው ልጅ ተስፋውን ጥሎበታል። ዛሬም የቤት እመቤት ማንቈርቈሪያዋን ታጠራበታለች፤ መስተዋትዋንም ትወለውልበታለች። ስለዚህ ሆምጣጤ የሚሠራውን ብቻ ሳይሆን የማይሠራውንም ለይቶ ማወቅ ይገባል፤ ይህ ዕውቀት ሲጐድል ሰውን እስከ ሞት የሚያደርስበት ጊዜ አለና። በዚህ ጽሕፈት የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት እንናገር። በግዕዝ መጽሐፍ ብሒእ ይባላል፤ ይህም ቃል ብሑእ ከሚለው፥ ማለት የቦካና እርሾ ያለበት ከሚባለው ጋራ ዘመድ ነው። በዕብራይስጥም ሆምጣጤ ሖሜጽ፥ እርሾም ሐሜጽ ይባላል፤ የሁለቱም ሥር አንድ ነው። ከዚህ እንደምንረዳው የቀድሞ ሰዎች የሊጡን መቡካትና የወይኑን መኮምጠጥ እንደ አንድ ሥራ ይመለከቱት ነበር። ይህም አስተያየት ከእውነት የራቀ አለመሆኑን ኋላ የመጡት ሊቃውንት አስረድተዋል። ፈረንሳውያን ስሙን ከሁለት ቃል አገናኝተው ኮምጣጣ ወይን ብለው ሰየሙት፤ እንግሊዞችም ስሙን ከእነርሱ ወሰዱ። የእኛም ቃል፥ ሆምጣጤ ብንለው ወይም ኮምጣጤ ብንለው፥ ጣዕሙን በግልጥ ይመሰክራል።

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሆምጣጤ በብዙ ስፍራ ይገኛል። ቦዔዝ ሩትን ከአጫጆቹ ጋራ ባስቀመጣት ጊዜ እንጀራዋን በሆምጣጤ እንድታጠቅስ ፈቀደላት፤ ናዝራዊም ከወይን ጋራ ከሆምጣጤ እንዲከለከል ታዘዘ። ከዚህ የተነሣ በዚያ ዘመን ሆምጣጤ የድኻና የሠራተኛ መባልዕት፥ የየዕለቱም ማጣፈጫ እንደ ነበረ ይታወቃል። በጎልጎታ በመስቀሉ አጠገብ ስለ ነበረው ሆምጣጤ የሞላበት ዕቃም ብዙ ተርጓሚዎች ሲናገሩ፥ የሮማ ወታደሮች ለራሳቸው ይዘውት የነበረ መጠጥ ነው ይላሉ። የሮማ ወታደር ሆምጣጤን በውሃ በጥብጦ ይጠጣ ነበርና፤ ስሙንም ፖስካ ይሉት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሐድርያኖስ እንኳ ከጭፍሮቹ ጋራ ሳለ እንደ ተራ ወታደር ይህን መጠጥ ይጠጣ እንደ ነበር በታሪኩ ተጽፎአል። መጠጡ ርካሽ ነበረ፤ በመንገድም ቶሎ አይበላሽም ነበር፤ ኮምጣጣነቱም የመጥፎ ውሃን ጣዕም ይሸፍን ነበር።

ሆምጣጤ በቤት ሥራ ያለውን ጠባይ ለማስተዋል ግን በምሳሌ መጽሐፍ በ25ኛው ምዕራፍ በ20ኛው ቍጥር ያለውን ነገር መመልከት ይጠቅማል። ያዘነ ሰው ባለበት መዝፈን እንደማይገባ ሲናገር፥ የዕብራይስጡ መጽሐፍ ነገሩን ሆምጣጤን በናትሮን ላይ ከማፍሰስ ጋራ ያመሳስለዋል፤ ሰብዓ ሊቃናት ወደ ጽርእ የመለሱት መጽሐፍ ግን በቍስል ላይ ስለሚደረግ ሆምጣጤ ይናገራል። ንባቡ ሁለት ቢሆንም ሁለቱም ከተፈጥሮ ሥራ ጋራ ይስማማሉ፤ ሆምጣጤ ቍስልን ያቃጥላልና፥ በናትሮንም ላይ ሲፈስ ይንተከተካልና። ናትሮን በግብፅ በረሓ ሐይቅ ሲደርቅ የሚገኝ ነጭ ጨው ነው። የጥንት ግብፃውያን ልብሳቸውን ያጥቡበት፥ የሙታንንም ሥጋ ያደርቁበት ነበር። ዋናው መገኛውም ዛሬ ዋዲ ናትሩን የሚባለው ሸለቆ ነው፤ ይህም አባ መቃርስና ልጆቹ መነኰሳት የኖሩበት ገዳመ አስቄጥስ መሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቁታል።

ሆምጣጤ በናትሮን ላይ ሲፈስ የሚንተከተከው ሁለቱ ተቃራኒዎች ስለ ሆኑ ነው። ሆምጣጤ አሲድ ነው፤ ናትሮንም የአሲድ ተቃራኒ፥ የአመድና የሳሙና ወገን ነው። ሲገናኙ እየተፋለሙ አንዱ የሌላውን ኀይል ያጠፋዋል፤ የሚወጣውም አረፋ ከሰው ትንፋሽ ጋራ የሚወጣው የካርቦን ጋዝ ነው። አረፋው ካለቀ በኋላ የሚቀረው ሆምጣጤም ናትሮንም ያልሆነ ጨዋማ ውሃ ነው። እንግዲህ የምሳሌው ምሥጢር ይህ ነው፤ ሁለት ጠቃሚ ነገሮች ያለ ጊዜያቸውና ያለ ስፍራቸው ሲገናኙ ሁለቱም ከንቱ ይሆናሉ። ዛሬ በከተማ ለዳቦ የሚገባውን ሶዳ ከሆምጣጤ ጋራ ቀላቅለው አረፋው ሲፈላ እጅግ የበረታ ማጽጃ ያገኙ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አረፋው የተጣበቀውን እድፍ ጥቂት ሊያላቅቅ ይችላል፤ ነገር ግን የሁለቱ ኀይል በአረፋው ያልቃል። ብልኅ የሆነች እመቤት ግን ሶዳውን ስብና ቅባት ላለበት ዕቃ፥ ሆምጣጤውን ኖራ ለያዘው ዕቃ ለየብቻቸው ታደርጋቸዋለች፤ በመካከልም በውሃ ታለቀልቃለች።

ኖራ ስንል ደግሞ ወደ ሌላ የጥንት ታሪክ እንመጣለን። የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደ ተረከው፥ የግብፅ ንግሥት ክሌዎጳጥራ በአንድ ማዕድ ላይ እጅግ ብዙ ሀብት እበላለሁ ብላ ከአንጦንዮስ ጋራ ተወራረደች፤ ከጆሮዋም ታላቅ ዕንቍ አውርዳ በሆምጣጤ ካሟሟችው በኋላ ጠጣችው። ሊዊ የተባለው ታሪክ ጸሐፊም የቀርታግናው ሐኒባል በ218 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የአልፕስን ተራራ ሲሻገር፥ መንገዱን የዘጋውን ዐለት በእሳት አግሎ ሆምጣጤ እንዳፈሰሰበትና እንደ ሰነጠቀው ጽፎአል። ስለ ሁለቱ ታሪኮች ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ሆኖም የነገሩ መሠረት በማናቸውም ቤት ሊፈተን ይችላል። አንድ የዶሮ ዕንቍላል ወስዶ በሆምጣጤ ውስጥ ቢነክሩት ወዲያው ትንንሽ አረፋ ይሰበሰብበታል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀንም ቅርፊቱ ጠፍቶ ስሱ ሽፋኑ ብቻ ይቀራል። የዕንቍላል ቅርፊት፥ ዕንቍ፥ የኖራ ድንጋይ፥ እብነ በረድና በማንቈርቈሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር በፍጥረታቸው አንድ ናቸውና።

ስለዚህ ሆምጣጤ በቤት ውስጥ በእርግጥ የሚረዳበት ዋናው ሥራ ይህ ነው። እንደ ድሬዳዋ ውሃው ኖራ በሚበዛበት አገር በማንቈርቈሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፤ ይህም ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ስለሚከለክል ማገዶን ያበዛል። ሆምጣጤን ከውሃ ጋራ እኩል አድርጎ ጨምሮ፥ አሙቆ ለአንድ ሰዓት ያህል ቢተዉት ቅርፊቱ ይሟሟል፤ ከዚያም ደኅና አድርጎ ማለቅለቅ ነው። በመስተዋትና በብርጭቆ ላይ የውሃ ጠብታ ደርቆ የሚተወውም ነጭ ምልክት እንዲሁ ይጠፋል። ነገር ግን ያው ኀይል መልካሙንም ድንጋይ ይበላዋል። ወለሉ ወይም ደረጃው እብነ በረድ በሆነ ቤት፥ ይልቁንም በቤተ ክርስቲያን፥ ሆምጣጤ ያለበት ውሃ ከቶ መፍሰስ የለበትም። የድንጋዩ ልስላሴና ጌጥ አንድ ጊዜ ከተበላ ተመልሶ አይገኝምና።

ወደ ብረታ ብረት ስንመለስ፥ የአርስጣጣሊስ ደቀ መዝሙር ቴዎፍራስጦስ ስለ ድንጋዮች በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ በሆምጣጤ እርሳስን ወደ ነጭ ቀለም፥ መዳብንም ወደ አረንጓዴ ቀለም መለወጥ እንደሚቻል ተናግሮአል። ሰዓሊዎች በእነዚህ ሁለት ቀለሞች ለብዙ መቶ ዓመታት ሠርተውባቸዋል። ነገር ግን ሁለቱም መርዝ ናቸው። ስለዚህ ሆምጣጤን ወይም ሆምጣጤ ያለበትን ምግብ በእርሳስ ዕቃ ወይም ባልተለበጠ የመዳብ ዕቃ ማኖር አደገኛ ነው፤ መስተዋትና በደንብ የተለበጠ ሸክላ ግን ይስማሙታል። ጨው የተጨመረበት ሆምጣጤ የጠቈረውን መዳብና ነሐስ ፈጥኖ ያበራዋል፤ ነገር ግን ወዲያው ታጥቦ ካልደረቀ አረንጓዴው ዝገት በላዩ ይበቅላል። የጥንት መስቀልና ጽንሐሕ ያላቸው አባቶች ይህን እንዲያስቡ እንለምናለን። ለዘመናት በዕቃው ላይ ያረፈው ጥቍር መልክ የታሪኩ ምስክር ነው፤ አሲድም ሲነካው ከእድፉ ጋራ የጠራቢውን ረቂቅ ሥራ ሊያጠፋ ይችላል።

አሁን ስለ ሆምጣጤ እጅግ ወደሚያሳዝነው የታሪክ ክፍል ደርሰናል። ቸነፈር በኤውሮጳ በሚመላለስበት ዘመን ሐኪሞች በሽታው ከክፉ ሽታና ከተበላሸ አየር ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። ሽታን የሚያሸንፍ ሌላ ሽታ ሲፈልጉ ሆምጣጤን አገኙ። የእንግሊዝ ታላቅ ሹም የነበረው ካርዲናል ዎልሲ ሕዝብ በተሰበሰበበት ስፍራ ሲያልፍ ውስጡ ወጥቶ ሆምጣጤ የጠጣ ሰፍነግ የተከተተበት ብርቱካን ይዞ ያሸት ነበር። ቬኔስያ በ1423 ለበሽተኞች መለያ ቤት በደሴት ላይ አቆመች፤ ከዚያም በኋላ በነበሩት ዘመናት በሜዲትራንያን ባሕር ወደቦች ከታመመ አገር የመጣ ደብዳቤ ሁሉ እየተበሳ በሆምጣጤ ይነከር ወይም በጢስ ይታጠን ነበር። ከዚያ ዘመን የተረፉት ደብዳቤዎች የሆምጣጤውን ምልክት እስከ ዛሬ ይዘዋል። በፈረንሳይም የአራቱ ሌቦች ሆምጣጤ የሚባል አፈ ታሪክ አለ። አራት ሰዎች የሙታንን ቤት እየዘረፉ ሳይታመሙ ስለ ቀሩ፥ ነጭ ሽንኵርትና ልዩ ልዩ ቅጠል የተዘፈዘፈበትን የሆምጣጤያቸውን ምሥጢር ገልጠው ምሕረት አገኙ ይላል። ታሪኩን የቱሉዝም የማርሴይም ሰዎች የኛ ነው ይላሉ።

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ልብን የሚነካው ግን ኢያም የምትባል የእንግሊዝ መንደር ታሪክ ነው። በሴፕቴምበር 1665 ለአንድ ልብስ ሰፊ ከለንደን ከመጣ ጨርቅ ጋራ ቸነፈር ወደ መንደሪቱ ገባ ይባላል። በሚመጣው በጋ በሽታው ሲበረታ ቄሱ ዊልያም ሞምፐሰን፥ ከእርሱ በፊት በዚያ ካገለገለው ከቶማስ ስታንሊ ጋራ ተስማምቶ፥ ሕዝቡ ከመንደሩ እንዳይወጣ መከረ። ሁለቱ በሃይማኖት ሥርዐት የማይስማሙ ሰዎች ነበሩ፤ በዚህ ነገር ግን አንድ ሆኑ። ሕዝቡም እሺ አለ። የጎረቤት መንደር ሰዎች እህልና መድኃኒት አምጥተው በወሰኑ ድንጋይ ዘንድ ያኖሩ ነበር፤ የኢያም ሰዎችም ዋጋውን በድንጋዩ ላይ በተፈለፈሉት ጕድጓዶች ሆምጣጤ ሞልተው ገንዘቡን በዚያ ውስጥ ይተዉላቸው ነበር። ጸሎቱንም በቤተ ክርስቲያን መጨናነቅ እንዳይሆን በሜዳ ላይ ያደርጉ ጀመር። ቸነፈሩ በ1666 መጨረሻ እስኪያቆም ድረስ 260 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ካትሪን የምትባለው የቄሱ ሚስትም ከሞቱት አንዲቱ ነበረች።

እነዚያን ጎረቤቶች የጠበቃቸው ሆምጣጤው ነበርን? የዛሬው ዕውቀት አይደለም ይላል። አሌክሳንደር የርሲን በ1894 በሆንግ ኮንግ የቸነፈሩን ጀርም አገኘ፤ ፖል ሉዊ ሲሞንድም በ1898 በሽታውን ከአይጥ ወደ ሰው የሚያሻግረው ቍንጫ መሆኑን አስረዳ። በሆምጣጤ የተነከረ ገንዘብ ቍንጫን ከቤት አያስወጣም፤ በአፍንጫ የሚሸተትም ሰፍነግ ንክሻን አይከለክልም። ጎረቤቶቹን የጠበቃቸው የኢያም ሰዎች ከስፍራቸው አለመነቃነቃቸው ነው ቢባል ይሻላል። እነዚያ ሰዎች ስለ በሽታው መንገድ የነበራቸው አሳብ ስሕተት ነበረበት፤ ስለ ባልንጀራቸው የነበራቸው አሳብ ግን አልተሳሳተም። ታሪክ የሚያከብራቸውም ስለዚሁ ነው።

ሆምጣጤ ራሱ ምን እንደ ሆነ ያስረዳው ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው። የኦርሌያን ከተማ ሆምጣጤ ሠሪዎች ከ1394 ጀምሮ ማኅበር አቁመው ይሠሩ ነበር፤ ጥበባቸውም ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነበር። ወይኑን በበርሜል ግማሽ ያህል ሞልተው ይተዉታል፤ በላዩም ስስ የሆነ ሽፋን ይጋረድበታል፤ ከሳምንታት በኋላም ወይኑ ሆምጣጤ ይሆናል። ፓስተር ያ ሽፋን ሕይወት ያላቸው በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረቶች ማኅበር መሆኑን አስረዳ፤ እነርሱም ከአየር ኦክሲጅንን ወስደው ከወይኑ አልኮል ጋራ ሲያዋሕዱት አልኮሉ ወደ አሲድ ይለወጣል። በ1867 በኦርሌያን ለሠሪዎቹ ይህን በንግግር ገለጠላቸው፤ በሚመጣውም ዓመት መጽሐፉን አሳተመ። ሠሪዎቹ በበርሜሉ ውስጥ የሚርመሰመሱትን ትንንሽ ትሎች ለሥራው የሚረዱ ይመስሏቸው ነበር። ፓስተር ግን ትሎቹም አየር የሚፈልጉ ስለ ሆኑ ከሽፋኑ ጋራ እየተጣሉ ሥራውን እንደሚያዘገዩ አሳያቸው። ብዙ መቶ ዓመት የቈየ ልማድ በዋናው ነገር ትክክል፥ በዝርዝሩ ግን የተሳሳተ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ ጥቃቅኑ ፍጥረት ጌታም ጠላትም እንደሚሆን ሲታወቅ፥ ሐኪሞች ከሆምጣጤ የበረታ መከላከያ ያዙ። ኢግናስ ዜምልዋይስ በ1847 በቪየና የሐኪሞች እጅ በክሎሪን ኖራ ውሃ እንዲታጠብ አዝዞ የወላዶችን ሞት ቀነሰ፤ ዮሴፍ ሊስተርም ከ1865 ጀምሮ ቍስልን በካርቦሊክ አሲድ አጠበ። በገበያ የሚሸጠው ሆምጣጤ ከመቶው 5 ያህል ብቻ አሲድ ያለበት ነው፤ ብዙውን ጀርም ያደክማል፤ ሁሉን ግን አይገድልም። ስለዚህ የሕመምተኛን ዕቃ ወይም ጥሬ ሥጋ የተቈረጠበትን ሰሌዳ በሆምጣጤ ብቻ አጽድቻለሁ ማለት አይገባም፤ ሳሙናና የፈላ ውሃ ይቀድማሉ።

አሁን በመጀመሪያ ያነሣነውን አደጋ እንናገራለን። በከተማችን ልብስ ለማንጻት በረኪና የሚባለው ውሃ ይታወቃል፤ ስሙም ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው። በውስጡ የታሰረው ነገር ክሎሪን ነው፤ ይህንንም የስዊድን ሊቅ ሼሌ በ1774 አግኝቶታል። ሆምጣጤ ወይም ማናቸውም አሲድ ከበረኪና ጋራ ሲቀላቀል የታሰረው ክሎሪን ተፈትቶ ወደ አየር ይወጣል። ይህ ጋዝ በአፕሪል 22 ቀን 1915 የጀርመን ጦር በቤልጅግ በኢፕር አጠገብ በወታደሮች ላይ የለቀቀው የመርዝ ጋዝ ነው። ሁለት ማጽጃ ከአንዱ ይበልጣል ብላ በጠባብና መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት የምትቀላቅላቸው ሠራተኛ ሳንባዋን ታቃጥላለች፤ ትንፋሽዋም ሊቈረጥ ይችላል። የቤቱ ጌታና እመቤት ይህን ለሠራተኞቻቸውና ለልጆቻቸው አስቀድመው ቢነግሩ የነፍስ ጥበቃ ነው። በአንዳንድ አገር የሚሸጠውም ከመቶው 70ና 80 አሲድ የሆነው ብርቱ ሆምጣጤ ጕሮሮን ስለሚያቃጥል ልጅ በማይደርስበት ስፍራ ይቀመጥ።

በአገራችን የወይን ሆምጣጤ የቤት ልማድ አልነበረም፤ የኮመጠጠ ጠላም ቢኖር ከማፈር በቀር የሚደሰትበት ባለቤት የለም። ነገር ግን እናቶቻችን ያንኑ ጥበብ በሌላ ዕቃ ይዘውት ኖረዋል። አመድ የናትሮንን ሥራ፥ ሎሚም የሆምጣጤን ሥራ ይሠራሉ። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታሻል፤ ከዚያም በወይራ ይታጠናል፤ ሸማም በእንዶድ ይታጠባል። ከዚህም ልማድ ለዓለም የሚጠቅም ዕውቀት ወጥቶአል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ወንዝ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኘ፤ ከዚያም እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል መርምሮ አስረዳ። ፓስተር ከኦርሌያን ሠሪዎች ልማድ እንደ ተነሣ፥ እርሱም ከአጣቢዎቹ ሴቶች ልማድ ተነሣ። ልማድ ያለ ምርመራ ሲቀር ስሕተቱን ከእውነቱ ጋራ ያወርሳል፤ ምርመራም ልማድን ሲንቅ የሚመረምረውን ነገር ያጣል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ሆምጣጤን በቤትህ ስታኖር ሥራውን ወስነህ ስጠው። ኖራን ያሟሟል፤ መስተዋትን ያጠራል፤ አትክልትን ሳይበላሽ ያቈያል፤ የሽንኵርትንና የዓሣን ሽታ ከሰሌዳ ላይ ያነሣል። እብነ በረድን፥ ብረትንና አሉሚኒየምን ይጐዳል፤ ከሶዳ ጋራ ከንቱ ይሆናል፤ ከበረኪና ጋራ ግን መርዝ ያወጣል። የኢያም ሰዎች ይህን ሁሉ የሚነግራቸው አልነበረም፤ ባላቸው ትንሽ ዕውቀት ለባልንጀራቸው የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ። እኛ የሚበልጥ ተነግሮናልና፥ ያወቅነውን ለማያውቀው ጎረቤታችን ማድረስ የእኛ ፈንታ ነው።